ዘጠኝ ጊዜ የተላለፈው ጉድለት

ቬርና ሰንድኩዊስት ኮምፒውተር የተማረችው በአሜሪካዋ ዱሉት ከተማ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ስታስተካክል፣ ከምትደረድራቸው መጻሕፍት እያነበበች ነው። ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ለቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ፣ የትኛው የሶፍትዌሩ ጉድለት በየትኛው እትም እንደሚታረም የምታቅደው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት መኪናዋን አቁማ ሞተሩን ካጠፋች በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ የሰጣትን አምላክ በልቧ ታመሰግናለች፤ ከዚያ ትገባለች።

አንድ እትም ሲዘጋ ጉድለቶቹ የሚመዘገቡበት የኮምፒውተር መዝገብ ያልታረሙት ምን ይሁኑ ብሎ ይጠይቃል። ቬርና ሁልጊዜ «ወደሚቀጥለው እትም ይለፉ» የሚለውን ትጫናለች። አንድ ጊዜ ጠቅ ነው፤ አርባውም ሃምሳውም አብረው ያልፋሉ።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሳምንት ማክሲን ቶለፍሰን ደወለችላት። ማክሲን በአንዲት የሰሜን ከተማ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ዓይነ ስውር ናት፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮምፒውተሩ በድምፅ ያነብላታል። መጽሐፍ ሲመለስ የሚጫኑትን የስክሪን ቁልፍ ግን ድምፁ ዘልሎት ይሄዳል። እስካሁን ቁልፉ በሚነበብበት በአሮጌው ገጽ ትሠራ ነበር፤ በፀደዩ እትም አሮጌው ገጽ ይጠፋል። ያኔ ቁልፉ ካልተስተካከለ ሥራዋን እንደምታጣ ተነግሯታል። አልተማረረችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ከሁለት ዓመት በፊት እንዲስተካከል አመልክቼ ነበር። ማን እንደከለከለኝ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

ቬርና የማክሲንን ማመልከቻ ከመዝገቡ ፈልጋ ታሪኩን እስከ ታች አነበበች። የከለከለ ሰው የለም። ከእትም ወደ እትም ዘጠኝ ጊዜ ተላልፏል፤ ዘጠኝ ጊዜም ያስተላለፈው ሰው ተብሎ የተጻፈው የራሷ ስም ነው። 

የሐሙስ ስብሰባ ላይ ይህ ጉድለት በፀደዩ እትም ይታረም፣ ለእሱም ጊዜ እንዲገኝ ታቅዶ የነበረው አዲስ የመግቢያ ገጽ ለሚቀጥለው እትም ይቆይ አለች። ዋናው ፕሮግራመር ዳግ ኦስትቢ ገጹ ለደንበኞች ቃል የተገባበት መሆኑን አስታወሳት።

«ደግሞ አንቺ ማስተላለፍ መቼ ገዶሽ ያውቃል?» አላት እየሳቀ። «ወደ በጋው እትም ወርውሪያት በቃ።»

«ዘጠኝ ጊዜ ወርውሬያታለሁ ዳግ። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ሳላነባት።»

ዳግ ሳቁን ተወ። ማመልከቻውን ወደ ራሱ ስቦ አነበበና ሁለት ቀን እንደሚበቃው ተናገረ። «ለአለቃችን የምትነግሪው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ ገና የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

ነገረችው። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልደበቀችም። አለቃዋ ፊቱን አጨፈገገ፤ በማግስቱ ግን ፈቀደ። ያን ዕለት ለማክሲን ጻፈችላት፦ «ማንም አልከለከለሽም። ሳላነብ ያሳለፍኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

የሙከራው እትም በደረሳት ቀን ማክሲን ደወለች። ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋችው። የሚጣደፍ የማሽን ድምፅ፣ «መጽሐፍ መልስ። ቁልፍ» አለ።

«ሰማሽው?» አለች ማክሲን።

ቬርና ሰምታው ነበር። «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለቻት።