የሙዲሩ እናት

ሐጃ የወደቁት ፍየል ሲያባርሩ ነው። የጎረቤት ፍየል ግቢ ገብታ፣ ለማድረቅ ጨርቅ ላይ ያሰጡትን ከርከዴ፣ ቀዩን የሻይ አበባ፣ ስትበላ አዩና ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ተነሡባት። ፍየሏ በበሩ ወጣች፣ ሐጃ ደፉ ላይ ቀሩ። እኔ ኩሽና ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ጭናቸውን ይዘዋል፤ በሌላው ጫማውን እያወዛወዙ ፍየሏንም ባለቤቷንም ይራገማሉ።

"እግርዎን ምን ሆኑ?" ብዬ ስደነግጥ፣

"እግሬን ተይው፤ ከርከዴውን አንሺ!" አሉኝ።

ይህ የሆነው ኦምዱርማን ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት። ከወሎ ወጥቼ ሱዳን ከገባሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ አረብኛዬም የኩሽናና የገበያ አረብኛ ነበር። አርብ አርብ ካርቱም ውስጥ ዴም የሚባለው ሰፈር ሄጄ ከአገሬ ልጆች ጋር እውላለሁ፤ የቀረውን ቀን የምሠራው የሐጃ ልጅ ቤት ነው። ልጃቸው ሐኪም ናቸው። ሐጃ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእሳቸው ጋር ነው የሚኖሩት።

ዶክተሩ በዚያን ሰሞን ካርቱም ያለ የአንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊ፣ ሆነው ተሹመዋል። ሹመቱ ግን ለደስታ የሚሆን አልነበረም። መንግሥት ካዝናው ተራቁቶ፣ ሆስፒታሎችን "ከእንግዲህ ራሳችሁን ቻሉ" ብሏቸዋል። ዶክተሩ ደግሞ አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ሆስፒታሉን ከማስተካከላቸው በፊት ቤቱን ማስተካከል ጀመሩ። የልብስ ሳሙናውን ለሁለት ቆርጬ እንድጠቀም ታዘዝኩ። ሰው የሌለበት ክፍል መብራት ከበራ ራሳቸው ተነሥተው ያጠፋሉ፤ አንድ ምሽት ሐጃ ሶላት ላይ እያሉ አጠፉባቸውና እሳቸው ሰግደው እስኪጨርሱ በር ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ።

ለሆስፒታሉ ያወጡት ሕግ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ በሽተኛ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው በር ላይ ተዝከራ ይቆርጣል፤ ማለትም የመግቢያ ትኬት ይገዛል። ሁለተኛው፣ አንድ በሽተኛ አንድ ሙራፊቅ ብቻ ይኖረዋል፤ አብሮት ሆኖ የሚያስታምመው አንድ ሰው ማለት ነው። በፊት አንድ ሰው ሲታመም ዘመዱ በሙሉ ድስቱንና ምንጣፉን ይዞ ገብቶ፣ አልጋ ሥር ተኝቶ፣ ኮሪደር ላይ ምግብ ሠርቶ ነው የሚሰነብተው።

"ትኬት ካለ ሰው ይቀንሳል፣ ሰው ከቀነሰ በሽተኛ ይተነፍሳል" አሉ ዶክተሩ እራት ላይ።

ሐጃ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ የታመመውን ማን እንዲጠይቀው ነው? ወንበሩ?"

ሕጉ በወጣ በማግሥቱ ነው እንግዲህ ፍየሏ የመጣችው።

የሐጃ የጭን አጥንት መሰበሩ እንደታወቀ ቤቱ በሰው ተሞላ። አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ አምስቱም እያለቀሱ ደረሱ፤ አምስቱም በአንድ አፍ "የግል ክሊኒክ ትግባ" አሉ። ዶክተሩ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

"የሰውን እናት እዚያ አስተኝቼ የራሴን እናት ሌላ ቦታ አልወስድም።"

ልቅሶው ባሰ። ሐጃ በገመድ በተጠለፈችው አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ እጃቸውን አነሡና ሁሉንም ዝም አሰኙ። "ወደ ልጄ ውሰዱኝ። ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ እንደሚውል ልይለት።"

ሆስፒታሉ በር ላይ አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ ነበር። ሙዲሩ "ማንም ይሁን ማን" ብለው አዘውታልና ማንንም አይለይም። "ሙራፊቅ አንድ!" ብሎ እጁን ዘረጋ። አምስቱ ሴቶች ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ታላቂቱ በታላቅነቷ፣ ታናሺቱ የእናቷ ልዩ በመሆኗ፣ መካከለኞቹ ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሱት እነሱ በመሆናቸው እያሉ እዚያው በር ላይ ክርክር ጀመሩ። ሐጃ ተሸክመዋቸው በመጡት ሰዎች እጅ ላይ ሆነው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ያቺ ትግባ። አንዳችሁን ከመረጥኩ የቀራችሁት ትበሉኛላችሁ።"

ዘበኛው በክር የታሰረ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። የአምስቱ እህትማማቾች ዓይን እስከ ዋርዱ ድረስ ጀርባዬን ሲያቃጥለኝ ነበር።

የሴቶች አጥንት ክፍል ሰፊ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ነው። እዚያ ከሁሉ በላይ የሰማሁት ቃል "ማፊ" ነው፤ የለም ማለት። አንሶላ? ማፊ። የመጠጥ ውሃ? ማፊ። የሐጃን እግር በገመድ ወደ ላይ ሰቅለው፣ አጥንቱ ተስቦ እንዲገጥም ከገመዱ ጫፍ ክብደት ማንጠልጠል ነበረባቸው፤ ክብደቱም ማፊ። ኦምዱርማን ገበያ እህል የሚነግድ የወንድማቸው ልጅ የሚዛኑን ብረት አምጥቶ አንጠለጠለላቸው። ከዚያ ወዲያ እሱ ሱቅ ማሽላ የገዛ ሁሉ በዓይን ግምት ነው የተሰፈረለት።

ጣሪያው ላይ የአየር ማራገቢያ ፋኖች አሉ፤ አይዞሩም። ከሐጃ አልጋ በላይ ባለው ፋን ላይ ርግብ ጎጆዋን ሠርታለች። ሐጃ ተንጋለው ስለሚውሉ ከርግቧ ጋር ቀኑን ሙሉ ይተያያሉ።

በማግሥቱ ሲስተሯ ገመዱን የሚይዘው ቀጭን ብረት እግራቸው ውስጥ የገባበትን ቁስል አይታ ወደ እኔ ዞረች። "ሻሽ ማፊ። ከውጭ ገዝተሽ ነይ፤ ነጭና ንጹሕ ይሁን። ያላ፣ ቶሎ!"

እኔም እየሮጥኩ ወጣሁ። ሐፍላ ተሳፍሬ ዴም ወረድኩ፤ ከአገራችን ሰው ሱቅ፣ ለሐጃ ነውና ጥሩውን መርጬ፣ ዳሩ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ሻሽ ገዝቼ ተመለስኩ። ሲስተሯ ከፌስታሉ አውጥታ ዘረጋችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሻሽ በሱዳኖች አፍ የቁስል ፋሻ መሆኑን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ዋርዱ በሙሉ አወቀ። ሐጃ ግን ሻሹን ተቀብለው ራሳቸው ላይ አሰሩትና፣

"ምን ያሥቃችኋል? ጭንቅላቴን ብሰበር ኖሮ ይኸው ድኜ ነበር" አሉ።

ከዚያ ጠያቂ መምጣት ጀመረ። ሐጃ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሰው ሠርግና የሰው ለቅሶ ሲደርሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ኦምዱርማን ውስጥ እሳቸው ያላዋለዱት ቢኖር ያጋቡት ነው፤ ያላጋቡትን አስታርቀዋል። ሁሉም መጣ። የመንደራቸው ሰዎች ደግሞ ሎሪ ተኮናትረው፣ በግ ጭነው መጡ። በጉን ዘበኛው ከለከለ፤ "ለእሱም ተዝከራ እንቆርጣለን" ብለው ተከራከሩት። ትኬት መሸጫዋ መስኮት ፊት ያለው ሰልፍ አጥሩን ዞሮ መንገዱ ላይ ወጣ፤ ሻይ ሻጮች ሰልፉን ተከትለው ተደረደሩ።

ዶክተሩ ከቢሯቸው መስኮት አይተው ኖሮ እየሮጡ መጡ። "ዩማ!" አሉ፤ እማዬ ማለት ነው፤ "ይህን ሕግ ያወጣሁት እኮ ሰው እንዲቀንስ ነው!"

"ከፍለው ነው የገቡት" አሉ ሐጃ። "ሕጉ የሚለው ይህንኑ አይደለም?"

ዶክተሩ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነበር።

ከሐጃ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ከምዕራብ፣ ከሩቅ አገር የመጡ አሮጊት ተኝተው ነበር። ያላቸው አንድ ልጅ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ጎረቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከካላክላ፣ አልፎ አልፎ ትመጣለች፣ ያውም የሐፍላ ገንዘብ ስታገኝ። ሐጃ ይህን ካወቁ በኋላ አዲስ ሥርዓት አወጡ። የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ አሮጊቷን ይጠይቅ፣ እጃቸውን ይሳም፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ይለፍ። አሮጊቷ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ግን ጠያቂ ሲዘገይ "ዛሬ ምነው ቀሩ?" ማለት ጀመሩ።

ከጠያቂዎቹ ሁሉ የማይቀረው የሆስፒታሉ ሒሳብ ሹም ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ጭንቅ የያዘው የሚመስል ሰው ነው። በየማለዳው ቴምር ይዞ ይመጣና "ሐጃ፣ እንዴት አደሩ? ተመቸዎት?" ይላል። ደግ ሰው ነው ብዬ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አጥንት ሐኪሙ እግራቸውን አይቶ "አልሐምዱሊላህ፣ ገጥሟል፤ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ" ያለ ዕለት ግን ሒሳብ ሹሙ ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።

"እህቴ፣ ሐጃ ገና ደካማ ናቸው፣ አይደለም? ጥቂት ቀን ቢሰነብቱ ምን ይላሉ?"

"ሐኪሙ ድነዋል ብሏል።"

"ሐኪም ምን ያውቃል!" አለና ወዲያው ግራ ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሐጃ ከገቡ ወዲህ የትኬት መስኮቷ እንዲህ ሠርታ አታውቅም። ፋሻ የተገዛው፣ የተበላሸው የራጅ መሣሪያ የተጠገነው በእሳቸው ጠያቂ ነው። "እሳቸው ከወጡ እኔ ሞቼአለሁ" አለኝ።

ምስጢር መያዝ ያኔም አይሆንልኝም ነበር። ለሐጃ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስፈራ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

"ጥሪልኝ" አሉ።

ሒሳብ ሹሙ እጁን አጣምሮ መጥቶ ቆመ። ሐጃ በጣታቸው ወደ ጣሪያው አመለከቱ። "እንግዶቼ እዚህ ገብተው በላብ ይጠበሳሉ። ፋኖቹን አሠራ። እኔም እስከ መጪው አርብ እግሬን ያመኛል።"

"ርግቧስ፣ ሐጃ?"

"ርግቧን ከነእንቁላሏ መስኮቱ ላይ። ቀስ አድርገህ።"

በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ሲያነኳኳ ዋለ። ወደ ማታ ላይ ፋኖቹ በአንድ ጊዜ ሲዞሩ ለስንት ዘመን የተጠራቀመ አቧራ ሁላችንም ላይ ወረደ፤ እሱን ማን ልብ አለው! ሴቶቹ በእልልታ አቀለጡት። እግሯ የተሰቀለውም፣ እጇ የታሰረውም፣ ማንም አልቀረም።

ዶክተሩ ዋርድ ውስጥ ሠርግ ተደገሰ ብለው ይመስለኛል ተንደርድረው ገቡ። ቀና ብለው ፋኖቹን አዩ፤ ዝቅ ብለው እናታቸውን አዩ። "ይህን ያዘዘው ማን ነው?"

ሒሳብ ሹሙ ከአንዲት ወፍራም ጠያቂ ጀርባ ተሸጎጠ። ሐጃ ግን ኩራታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ተረኩላቸው፤ መጨረሻ ላይም "አየህ፣ ማስተካከል ማለት እንዲህ ነው" አሏቸው።

ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዶክተሩ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው አቧራውን ጠረጉ።

"ዩማ፣ አንቺን ለትኬት ብዬ ካቆየሁ፣ ነገ ጠያቂ የሚበዛለት ሁሉ ድኖም አይወጣም። ጠያቂ የሌለው ደግሞ ሳይድን ይወጣል።" በአገጫቸው ቀጣዩን አልጋ ጠቆሙ፤ አሮጊቷ ተኝተው ነበር። "እሳቸው ምን ያስገቡልናል?"

ሐጃ የርግቧን መስኮት አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ልብሴን ሰብስቢ" አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ወጣን። የዋርዱ ሴቶች አለቀሱ፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ግን ሒሳብ ሹሙ ነው። የሚዛኑ ብረትም ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሐጃ ቤት ገብተው በምርኩዝ መሄድ ሲጀምሩ፣ እንኳን ማረዎት ለማለት ሰው ይጎርፍ ጀመር። ሐጃ በር ላይ ይቀበሉና፣ "ከሆስፒታሉ ነው የመጣችሁት?" ይላሉ። አይደለም ካሏቸው፣ "ሂዱና መጀመሪያ የዋርዱን ሴቶች ጠይቁ። እኔ የትም አልሄድም፣ ሻዩም አይቀዘቅዝም" ብለው ይመልሷቸዋል። ሰዉ እያጉረመረመ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ካርቱም ይሄዳል፤ ማታ ተመልሶ የማን እግር ዳነ፣ ማን ገባች፣ ማን ወጣች እያለ ይነግራቸዋል። አሮጊቷ ድነው ሲወጡ ካላክላ ድረስ የሸኟቸው የሐጃ የመንደር ሰዎች ናቸው፤ በዚያችው ሎሪ።

ዶክተሩ ይህን አወቁ፤ አልከለከሉም። ትኬቱ እንዳለ ቀረ፤ ሰልፉንም ለመቀነስ ምንም አላደረጉም። እንዲያውም ሙራፊቅ ሁለት እንዲሆን ፈቀዱ፤ ለእህቶቻቸው ሲሉ ነው የሚል ሐሜት ነበር።

ዓመት ከምናምን በኋላ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ለምን እንደሆነ ማንም በግልጽ አልነገራቸውም። እኩለ ቀን ላይ ቤት መጡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተኙ፣ እስከ ምሽት አልነቁም። ሐጃ በግቢው በሙሉ ድምፅ እንዳይሰማ አዘዙ፤ እኔም ሰሃን ማጠቡን ተውኩ። ሲነቁ ሻይ ይዤላቸው ገባሁ። ሐጃ አጠገባቸው ተቀምጠው በምርኩዛቸው መሬቱን ቀስ ቀስ እያደረጉ ይመታሉ።

"በአንተ ቦታ ማን ገባ?"

ዶክተሩ የሰውየውን ስም ነገሯቸው።

"እናት አለው?"

"አላውቅም፣ ዩማ።"

"ጠይቅ" አሉ ሐጃ።