መርዶ የተደበቀባት እንግዳ

አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ሆኜ የተቀጠርኩ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ በቀለ ቁልፎቹ የተንጠለጠሉበትን ሰሌዳ አሳዩኝና፣ «መታወቂያ ሳታዪ ቁልፍ አትስጪ፤ ፈገግታሽንም አትርሺ» አሉኝ። አዲስ ጫማ አድርጌ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጦ በባጃጅ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያኔ የሥራው ክፋቱ መቆሙ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሥራውን ከለመድኩት በኋላ መምህርት ጫልቱ መጣች። ለሥልጠና ከሻሸመኔ መጥታ እኛ ጋ ያረፈች ጨዋታ ወዳድ ሴት ናት። ገና በሦስተኛው ቀን ጥበቃዎቹን ሁሉ በስማቸው ትጠራ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወንድሟ ከደራ በሆቴሉ ስልክ ደወለልኝ። «እህቴ፣ እናታችን አርፋለች። በማታ መርዶ አይነገርም፤ ጠዋት ከሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን። እስከዚያ ጫልቱ እንዳትሰማ፣ ጠዋትም እንዳትወጣብን» አለኝ።

«እኔ እንዴት አድርጌ?» ስለው «በፈጠረሽ» ብሎ አለቀሰ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ብዙም ሳይቆይ ጫልቱ ከሥልጠና ገባች። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ «ለቅዳሜ ባለ ሁለት አልጋ ያዥልኝ። እናቴን ከደራ አምጥቼ ሶደሬ ፍል ውሃ ላስገባት ነው። ምድር ቤት ይሁን፣ ጉልበቷን ያማታል» አለችኝ።

መዝጋቢ ነኝና «የእናትዎን ስም ማን ልበል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ዲንቂቱ በይልኝ» አለች እየሳቀች። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩት። ፊቴን እንዳታየው ከስክሪኑ ቀና አላልኩም።

ጠዋት ወርዳ «ነጋ ቡልቴ?» አለችኝ። በኦሮምኛ በሰላም ማደሬን መጠየቋ ነው። «ነጋ» አልኳት። የሥልጠናውን አስተባባሪ መኪናውን እንዲያዘገይ አስቀድሜ በስልክ ነግሬው ስለነበር፣ «መኪናው ዘግይቷል፤ ቁርስ ይብሉ» አልኳትና ጨጨብሳ አስቀረብኩላት። በኋላ እህል እንደማይወርድላት አውቃለሁ። «ይጨመርልዎ» ስላት «ልታወፍሪኝ ነው እንዴ!» ብላ ሳቀች።

ወንድሟ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲገባ አየችው። ማንኪያዋን ቀስ አድርጋ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ ናት» አለች። ማንም ገና አልተናገረም ነበር። ከዚያ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። የጽዳት ሠራተኞቻችን ሳይቀሩ ከፎቅ ወርደው አብረዋት አለቀሱ።

ደግፈው ሲያወጧት ባንኮኒው ጋ ቆመች።

«ማታ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ክፍሉን ስትይዥልኝም?»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

«እናቴ ሞታ እኔ እንቅልፌን ተኛሁ» አለችና ሄደች። ሻንጣዋን እንኳ ወንድሟ ነው ተመልሶ የወሰደው። እሷ ከዚያ በኋላ እኛ ጋ አርፋ አታውቅም።

ዛሬ አዲስ ተቀጣሪዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ቤተሰብ መርዶ ደብቁልን ሲላችሁ እሺ በሉ፣ እንግዳውንም ቁርስ አብሉት እላቸዋለሁ። ከእንግዳው ግን ምስጋና አትጠብቁ።