ጮክ ብሎ የሚያነበው ቤት

በደርግ ዘመን የጂንካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊም ሠራተኛም ጽዳትም እኔው። ቤቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ማዶ ያለ አሮጌ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ለከተማው የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት። አዲስ አበባ አንድ ወር ሠልጥኜ ስለመጣሁ ደንብ አዋቂ ነኝ ባይ ሆኜ ነበር። ያሳለ ሰው እንኳ ከግልምጫዬ አያመልጥም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ የአሪ ገበሬዎች ይመጣሉ። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ዛፍ ሥር ተሰብስበው፣ በኅብረት እየጮኹ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ከዚያ በአሪኛ ይከራከሩበታል። ዝም ብላችሁ አንብቡ አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ማንበቡንም ተዉት። ቀስ በቀስ ከነጭራሹ ቀሩ። እኔ ጅሏ በጸጥታዬ ኮራሁ።

ኩራቴ አልሰነበተም። ሰው የማይገባበት ቤት ነው ተብሎ የማዳበሪያ መጋዘን ሊደረግ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ከእርሻ ቢሮ አንድ ኃላፊ ሊለካው እንደሚመጣ ተነገረኝ። አለቀስኩ። ይበልጥ ያንገበገበኝ ቤቱን ባዶ ያደረግኩት ራሴ መሆኔ ነው።

ሐሙስ ዕለት ከአንባቢዎቼ አንዱ ወደነበሩት ንብ አርቢ አዛውንት መንደር በእግሬ ሄድኩ። ጥፋቴን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከእንግዲህ እንደልባችሁ ጮኻችሁ አንብቡ አልኳቸው። ሳቁብኝና ቅዳሜ እንመጣለን አሉ።

መጡም። ቤቱ ሞልቶ በረንዳው ላይ ተረፉ። በየጥጉ ያነባሉ፣ ይቀበላሉ፣ ይከራከራሉ። ኃላፊው ሜትሩን ይዞ በሰው መሃል ተጋፍቶ ገባና ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡትን አዛውንት ይነሡ አላቸው። እሳቸው ስለ ንብ እርባታ በሚናገረው መጽሐፍ ላይ ጣታቸውን እንዳሳረፉ ቀና አሉ።

"ጓድ፣ ቁጭ በል። ይሄ ገጽ አላለቀም።"

ምን እንደነካው አላውቅም፣ ቁጭ አለ። አዛውንቱ አንድ ቃል ሲያስቸግራቸው ሳያስበው አነበበላቸው፤ ከኋላ ያሉት ሁሉ ተቀበሉት። ፊቱ በራ። ገጹ ሲያልቅ ወደ እኔ መጥቶ ቤቱ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ" አልኩት።

ሜትሩን ሳይዘረጋ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማዳበሪያው ፊት ለፊት ባለው በኃላፊው በራሱ ቢሮ በረንዳ ላይ ሲራገፍ በመስኮት አየሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዳግም አላገኘሁትም። ከኋላዬ የሚያነቡት ሰዎች ጩኸት የጭነት መኪናውን ድምፅ ውጦት ነበር።