ብሳናዬና ግራዋዬ ኮምቦልቻ ሲመረመሩ

ደሴ ውስጥ ቅጠል አዋቂ ተጠይቆ እኔን ያልጠራ ሰው ለከተማው እንግዳ ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደሉንም ቅጠሉንም ያወቅሁት በራሴ ነው። ቋቁቻ ያዥጎረጎረው ፊት ወይም ጭርት የበላው ጭንቅላት ይዞ ሆጤ ሰፈር ካለው ደጄ ያልቆመ ሰፈርተኛ የለም። ሰኞ ገበያ ስወጣማ ሰላምታ መልሼ አልጨርስም።

መድኃኒቴ ከኩታበር የምቆርጠው የብሳና ለጋ ቅጠል ነው። ማንም እንዳይለየው ግን ስወቅጠው ግራዋ እጨምርበታለሁ። ግራዋ በየአጥሩ የሚበቅል፣ ሴቶች ጋን የሚያጥቡበት መራራ ቅጠል ነው፤ ሽታው የሌላውን ሽታ ይሸፍናል። መድኃኒት አዋቂ ሁሉ እንዲህ ያለ መሸፈኛ አለው።

አምና የልጄ ልጅ፣ ኮምቦልቻ የምትማረው፣ የመመረቂያ ጥናቷን በእኔ መድኃኒት ላይ ልትሠራ መጣች። ኩራቴን አልደብቅም። አድርቄ፣ ወቅጬ፣ በብልቃጥ ሞልቼ ሰጠኋት። በሳምንቱ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«አባባ፣ መምህሬ አልቀበልም አለኝ። ተክሉ ከነቅርንጫፉ ታይቶ ስሙ ካልታወቀ ጥናት አይሆንም። እስከ ሐሙስ ካላቀረብኩ ዘንድሮ አልመረቅም።»

«ዱቄቱ እጁ ላይ አይደል? ምን ዓይነት መምህር ነው!»

«የማያውቀውን ዱቄት ምን ብሎ ይመዝግበው?»

ባለቤቴ ከጓዳ ጮኸች፤ «አንተ ሰውዬ፣ ምስጢርህን ይዘኸው መቃብር ልትገባ ነው? እኔ እንኳ ግራዋዬ ከአጥሩ ሲመናመን ዝም ብዬሃለሁ!»

ወላሂ ከበደኝ። ምስጢር የሌለው አዋቂ ደጅ ማን ይቆማል? ልጅቷ ግን እንባዋን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። በማግስቱ ኩታበር ይዣት ሄድኩና ዛፉን አሳየኋት። ቅጠሉ ጥላ ላይ እንጂ ፀሐይ ላይ እንደማይሰጣም አስተማርኳት። የግራዋውን ተንኮል እየሳቅሁ ብነግራት እሷ አልሳቀችም፤ ሁለቱንም ለየብቻ ቀነጠበች።

ምርመራው ሲያልቅ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ ኮምቦልቻ ቤተ ሙከራዋ ገባሁ። የቆዳ ፈንገስ የዘራችባቸውን ጠፍጣፋ ሳህኖች አሳየችኝ። ከብሳናው ጭማቂ ዙሪያ ፈንገሱ ጥቂት ብቻ ሸሽቷል፤ ከግራዋው ዙሪያ ግን ሰፊ ንጹሕ ክብ ወጥቷል።

«አባባ፣ ቋቁቻውን ሲያጠፋልዎት የኖረው ይበልጡን መሸፈኛው ነው» አለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ብሳናዬስ?»

ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ፈሳሽ ላይ የብሳናውን ጭማቂ ጠብ አደረገች። ቀለሙ እያየሁት ወደ ቢጫ ገረጣ።

«ገላን ከውስጥ እንደ ዝገት የሚበላ ነገር አለ። ይህ ፈሳሽ የእሱ መፈተኛ ነው፤ ቀለሙ ሲለቅ ቅጠሉ ያንን የመከላከል ኃይል አለው ማለት ነው። በዚህ ብሳናው በለጠ።»

«ሁለቱን የቀላቀለው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እሱን ጻፊዋ!»

ጻፈችው፤ መምህሩም ተቀበላት።

እንግዲህ በአንድ ዓመት የሠራሁት ይኸው ነው፦ የልጄን ልጅ አስመረቅሁ። ሌላው አዋቂ የሚደብቀውን ምስጢር አወጣሁ። ጋን ማጠቢያ የነበረውን ቅጠል ቤተ ሙከራ አስገባሁ። ግራዋውን አብዝቼ ብሳናውን ቀነስኩ፤ በዚህ ዕድሜ ሙያውን የሚያሻሽል ማን አለ? አሁን ለሚመጣው ሁሉ የቅጠሎቹን ስም ጠርቼ እሰጣለሁ፤ ደጄም አልጎደለም።