አራት ድምፅና አንድ ግምገማ

በወላይታ ሶዶ ድምፅ ማውጣት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ዝም ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ጠዋት የሚዘምር አለ፣ ማታ የሚዘምር አለ፣ በመሃል ደግሞ ለእሁድ የሚለማመድ ሞልቷል። እናቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረችና እኔም ገና ፊደል ሳልለይ የሕፃናት ኳየር ውስጥ ቆሜ ተገኘሁ። የኳየሩ መሪ ደግ ሰው ነበር። ስለ ሙዚቃ የሚያምነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጮህ። መጀመሪያ የሰማኝ ቀን ለእናቴ፣

«ይቺ ልጅ ጥሩ ድምፅ አለው፤ ዳሞታ ድረስ ይሰማል!» አላት።

በከተማችን አማርኛ ወንድና ሴት እንደየቀኑ ስለሚለዋወጥ በሱ ቅር አልተሰኘሁም። ተራራው ለምን እኔን መስማት እንዳለበት ግን ዛሬም አልገባኝም።

ከፍ ስል ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ገዛች። ተጫዋቹ አንዲት ቁልፍ ሲጫን መሣሪያው ራሱ እንደሚመታ ያወቀ ዕለት ድካሙ ሁሉ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የንስሐውም፣ የሠርጉም፣ የቀብሩም መዝሙር በአንድ ምት ሄደ። ሬሳ ስንሸኝ ትከሻችንን ለመያዝ የምንታገለው እኛ ነበርን።

ያም ሆኖ ሙዚቃ ማቀናበር የጀመርኩት እዚያው ኪቦርድ ላይ ነው። ከልምምድ በኋላ ቁልፎቹን ስነካካ፣ እኔ ዜማውን ስይዝ ሌላ ሰው ከሥሬ ዝቅ ብሎ ቢሄድ ሁለቱ ድምፆች እንደሚተቃቀፉ ሰማሁ። ሦስት ጓደኞቼን ሰብስቤ አስጠናኋቸውና ለመሪያችን አሰማን። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና፣

«ማነው የተሳሳተው?» አለ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ?»

አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ተፈተንኩና አለፍኩ። ዘመኑ ልማት የሚዘፈንበት ነበር። ስለ እርከን ዘፈንኩ፣ ስለ ኮብልስቶን ዘፈንኩ፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ከነመጠኑ ዘፈንኩ። ከልቤ የዘፈንኩት ግን ስለ ሽንት ቤት አጠቃቀም ነው፤ ዜማው እውነትም ጥሩ ነበር። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ሽማግሌዎች አስጠሩኝ።

«ዓለማዊ ዘፈን ጀምረሻል ይባላል» አሉኝ።

«ስለ ሽንት ቤት ነው የዘፈንኩት።»

ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «ቢሆንም፣ የዚህ ዓለም ነገር ነው» አሉ። በዚህ ልከራከራቸው አልቻልኩም። ከኳየር ታገድኩ። እቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ለመንግሥተ ሰማያት ሳይሆን ለአልቶዎቹ፣ ከዜማው ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ ላስያዝኳቸው ጓደኞቼ። እኔ ከሌለሁ ማን ይመራቸዋል ብዬ።

መዝፈን እንጀራ እንደማይሆን ስረዳ የመምህራን ኮሌጅ ገባሁና የሙዚቃ መምህርነት ተማርኩ። የተለማመድንበት ፒያኖ ካርቶን ላይ የተሳለ ነበር። ጥሩ ጎን ነበረው፤ ከቅኝት ወጥቶ አያውቅም፣ ብትሳሳትም የሚሰማህ የለም። በዚያ ካርቶን ላይ ከቀጭን ሴት እስከ ወፍራም ወንድ አብረው የሚሄዱ አራት ድምፆች መጻፍ ተምሬ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ከሶዶ በታች ቆላው ሁምቦ ተመደብኩ።

ሁምቦ ሙቀቱ ለጉሮሮ ጥሩ ነው፤ አቧራው ደግሞ ያንኑ ጉሮሮ ይዘጋዋል። ትምህርት ቤቱ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ አልነበረውም። የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ግን ነበረው፤ የሒሳብ መምህሩ ያላለቀለትን ምዕራፍ የሚጨርስበት። ለምኜ አስመለስኩት። ተማሪዎቹን በድምፃቸው መመደብ ስጀምር ደግሞ ሥራው ተሠርቶ ጠበቀኝ። ገዥው ግንባር አገሩን በሙሉ አንድ ለአምስት አደራጅቶት የለ? ልጆቹም በየቡድናቸው ተቀምጠዋል፣ መሪም አላቸው። ትንሽ አሸጋሸግኳቸውና ቀጭኑ ድምፅ ከቀጭኑ፣ ወፍራሙ ከወፍራሙ ተጠረነፈ። ያ አደረጃጀት ውጤት ሲያመጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ለመዝሙር የመረጥኩት በዘመን መለወጫችን በግፋታ የሚባል የሰፈር ዜማ ነበር። በአራት ድምፅ ጻፍኩት። ልጆቹ ይቸገራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቸገሩም። በአካባቢው ለቅሶ ላይ ወንዶች መለከት ሲነፉ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ነው የሚጠብቀው። ይህን ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ናቸው። ለእኔ ለኮሌጅ ምሩቋ ነው አዲስ የነበረው።

አዲስ የመማሪያ ክፍሎች ሲመረቁ እንድናቀርብ ተባልን። የክብር እንግዳው በሰዓቱ ደረሱ፤ በራሳቸው ሰዓት። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠብቀው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ያም ሆኖ ዘመሩ። ወፍራሞቹ ሲገቡ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ብድግ ብለው እልል አሉ። እኔ እጄን እያወዛወዝኩ እንባዬን በትከሻዬ ጠረግሁ። እንግዳው ማይክሮፎኑን ተቀበሉ።

«ጥሩ ሙከራ ነው» አሉ። «ነገር ግን ልጆቹ አልተግባቡም። አንዱ ሌላ ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ለምን በአንድነት አይዘምሩም?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት እንደሚከብደኝ ግን ቀድሜ ተናግሬአለሁ።

«በአንድነት ነው የዘመሩት፣ ክቡር ሆይ» አልኩ። «የተለያየ እያሉ ነው አንድ የሆኑት። ከእርስዎ ጀርባ ባነሩ ላይም ተጽፏል።»

እንግዳው ዞር አሉ። ባነሩ ላይ በትልቁ «በብዝኃነት ውስጥ ያለ አንድነት» ይላል። አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራሁ። አንደኛው ገምጋሚ፣ ዘፈኑ በወላይትኛ ብቻ ስለነበር ጠባብነት ታይቶብኛል አለ። ሁለተኛው፣ አቀናባበሩ የፈረንጅ ስለሆነ ትምክህተኛ ነኝ አለ። በአንድ ዘፈን ሁለቱንም መሆን የቻለ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግለ ሂስ አድርጊ ሲሉኝ፣ ወደፊት በእንግዳ ፊት ባነር እንደማላነብ ቃል ገባሁ። የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ወደ ሒሳብ ተመለሰ።

ስወጣ ርዕሰ መምህሩ በረንዳው ላይ ተከተለኝ። ፈሪ ሰው ነበር፤ ክፉ ግን አልነበረም።

«ቲቸር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኳየር ተከልክሏል። የፀረ ኤድስ ክበብ ግን ማን ይከለክላል?»

እንዲህ ሆኖ የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ በወረዳው ብቸኛው ባለ አራት ድምፅ የፀረ ኤድስ ክበብ ሆነ። ስለ በሽታው አንድ መዝሙር አለን፤ ሰው ሲመጣ እሱን እንዘምራለን። ሰው ሲሄድ የፈለግነውን።

አንድ ቀን ከሰዓት የአንድ ባለ ወፍራም ድምፅ ተማሪዬ እናት ትምህርት ቤቱ በር ላይ የበቆሎ ጆንያ ከጋሪ አውርዳ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ ተቆጥቷል።

«ልጄን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። «ውሃ ሊቀዱ ከእህቱ ጋር ሲሄዱ እሷ ላይ ላዩን ትላለች፣ እሱ ሥር ሥሩን ይላል። ማታም እንደዚያው። ቤቱ ውስጥ እኔ የምለው ጠፋኝ!»

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጄን ያዘችኝ።

«እኔስ?» አለችኝ። «እኔ የትኛውን ነኝ?»

በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቆመን አንድ ዜማ አወጣሁላት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ወዲያ ወዲህ አይታ፣ ቀስ ብላ ከመሃል ገባች። አልቶ ነበረች።