የጉልበት መድኃኒት

ዲላ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ባገባሁ ሰሞን ጆሮዬን የሚያቃጥለኝ አንድ ቃል ነበር፤ እሱኑ ደንበኞቼ ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግሙታል። «አልነሳ አለኝ» ይላሉ ገና ደጃፉን ሳያልፉ። ስለ ሞተር ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ተመካክረው የመጡብኝ ይመስለኝና ግንባሬን ቋጥሬ ካንዴላ አቀብላቸዋለሁ።

ችግሬ እሱ ነበራ። ሠላሳ ያልሞላኝ ጤነኛ ሰው፣ ከምወዳት ሚስቴ ጋር አልጋ ላይ ስሆን ሰውነቴ ይከዳኛል። መጀመሪያ በሠርጉ ድካም አሳበብኩ፤ ቀጥሎ በሥራ። በኋላ ፍርሃቱ ራሱ ቀድሞኝ አልጋው ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። የማስተካክለው ዕቃ አለኝ እያልኩ ሱቅ አመሻለሁ፤ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኛታለሁ። እንዳልተኛች አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች።

ለማን ይነገራል? ጓደኞቼ መሃል እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከማንም በላይ የምቀልደው እኔ ነበርኩ። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ምሰሶ ላይ የባህል መድኃኒት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «ለስንፈተ ወሲብ» ይላል። ስንፈት! በዕድሜዬ ሰነፍ ተብዬ አላውቅም። ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር ልቀድደው ይዳዳኛል።

አንድ ቀን ሲብስብኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወናጎ ሄድኩ። ዲላ ፋርማሲ ጠፍቶ አይደለም፤ የማያውቀኝ ባለ ፋርማሲ ጠፍቶ ነው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ። ስገባ ግን ባንኮኒው ጀርባ የቆሙት እናቴን የሚያህሉ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴትዮ ናቸው። ከኋላዬ ደግሞ ሁለት እናቶች ተሰለፉ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ።

«ምን ልስጥህ ልጄ?»

«የጉልበት መድኃኒት» አልኩ በሹክሹክታ።

«የቀኙ ነው የግራው?»

ቃሉ ጨዋ ነው፣ ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ከኋላዬ ያሉት ጸጥ ብለው ይሰማሉ።

«የግራው» አልኩ።

«ውይ፣ በዚህ ዕድሜህ! ማታ ማታ ቀባው። በደንብ ይታሽ» ብለው ቅባት ሰጡኝ። ከፍዬ ወጣሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ?

ቅባቱን ሚስቴ ከጃኬቴ ኪስ አገኘችው። «ጉልበትህን ያምሃል እንዴ?» ስትለኝ ፊቷ ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ ያለ ነገር አየሁ። ለሽሽቴ ምክንያት ያገኘችለት መሰላት። «አዎ፣ የግራው ነው» አልኩና ገባሁበት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ውሃ አሙቃ ያላመመኝን ጉልበት ታሽልኛለች፤ እኔ አቃስታለሁ። ቀን ቀን ደግሞ ሰፈሩ እያየኝ አነክሳለሁ። ጣቶቿ በነኩኝ ቁጥር ልነግራት እልና መልሼ አቃስታለሁ። አንድ ማታ እጇን እያደረቀች፣ «ጉልበቱን የታመመ ሰው ሚስቱን አያቅፍም?» አለችኝ። የሱሪዬን እግር ወደ ታች ስቤ ጉልበቴን ሸፈንኩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ዝምታዋ ነው የባሰ ያስፈራኝ።

ደጋው ላይ ቡሌ የሚኖሩት አባቷ ጋ ደርሰን እንምጣ አለች። ለሁለት ቀን ነው ያለችኝ፤ ሻንጣውን ሳነሳው ግን ከበደኝ። ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ ጫማዎቿ ሁሉ አሉበት፣ ባለ ተረከዞቹም ጭምር። ባለ ተረከዝ ጫማ ቡሌ ጭቃ ላይ ምን ይሠራል? ልትመለስ እንዳላሰበች ገባኝ። ሻንጣውን መልሼ ዘጋሁት። መኪናው ውስጥ ሻንጣውን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

መኪናው ካደረሰን ቦታ እስከ አባቷ ቤት በእግር ነው፣ ያውም ዳገት። ብርድ ነበር፤ ጭቃው ያዳልጣል። ሻንጣውን ተሸክሜ ከፊቷ እያነከስኩ እሄዳለሁ፤ ሐሳቤ ሁሉ ጫማዎቹ ላይ ነው። እንሰቱ መሃል ስንደርስ ከኋላዬ ኮቴዋ ጠፋ።

«ቁም» አለች። ቆምኩ።

«ታች ስንነሳ የምታነክሰው በግራ እግርህ ነበር።»

ወደ እግሬ አየሁ። የማነክሰው በቀኙ ነበር።

«ጉልበትህ ጤነኛ ነው» አለች። «ያመምኩህ እኔ ነኝ ማለት ነው። ካስጠላሁህ እዚሁ ንገረኝ፤ ለአባቴ የምለውን እንድይዝ።»

ሻንጣውን ጭቃው ላይ አስቀመጥኩት። አሁን ካልተናገርኩ ብቻዬን እንደምመለስ አወቅሁ። ፈራሁ፤ አልጋውን ከምፈራው በላይ ፈራሁ። «መድኃኒቱን የፈለግኩት ለዚህ ጉልበት አልነበረም» አልኳት። አልገባትም። ስለዚህ ያለ ቅኔ ነገርኳት፦ አጠገቧ ስሆን ሰውነቴ እንደሚከዳኝ፣ የምሸሸው ኀፍረቴን እንጂ እሷን እንዳልሆነ፣ ወናጎ ድረስ ሄጄ ምን ጠይቄ ምን እንደተሰጠኝ።

አፏን በሻርፗ ሸፈነች፤ የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ማታ ደህና ጉልበት ሳሽ!» ብላ ደረቴን በቡጢ መታችኝ። ሁለተኛው ቡጢ የምር ነበር፤ አመመኝ። «እኔ እኮ ምን ጎደለብኝ እያልኩ…» አለች።

አባቷ ጉልበታቸውን የእውነት የሚያማቸው ሽማግሌ ናቸው። ቆጮ በልተን ስናበቃ ቅባቱን አውጥታ አሸችላቸው። «ይቺ መድኃኒት ጎበዝ ናት» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑና መረቁኝ፦ «ጌታ ጉልበትህን ያድስ!»

«አሜን!» አለች ሚስቴ፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ያንተስ ጉልበት ተሻለው፣ ልጄ?» አሉኝ። ወሬው ደርሷቸው ኖሯል። አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«የእኛን ሰኞ ዲላ ሐኪም ያየዋል፣ አባባ። አብረን ነው የምንሄደው።»

የእኛ አለች። ሽማግሌው ልብ ያሉት አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። እሑድ ያን ከባድ ሻንጣ ከነጫማዎቹ ተሸክሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ አላነከስኩም።