የአስተርጓሚው ሰንጢ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሰንጢ ሲመርጥ ዋለ። ገበያ ወጥቶ አይደለም። እዚሁ እኔ ደጅ ላይ፣ ወንበር ወደ ፀሐይ ስቦ፣ ሥዕል የበዛበት መጽሔት ጭኑ ላይ ዘርግቶ ነው። ሰንጢው ገና አልተሠራም። ውጭ አገር አንድ ቤት አለ አሉ፤ ስለቱን፣ እጀታውን፣ ሞላውን፣ የምስማሩን ራስ ሳይቀር ደንበኛው እየመረጠ በልኩ ያሠራል።

"ለምንህ ነው?" አልኩት።

"ለዕለት መገልገያ፣ እማዬ።"

"ምን ልትቆርጥበት?"

መጽሔቱን አንድ ገጽ ገለጠ። "ያው፣ ፖስታም ይመጣል፤ እከፍትበታለሁ።"

እቤቱ ብርቱካን እንኳ የምትልጥለት ሚስቱ ናት። ይህን አልነገርኩትም፤ እንግዳ ነው። ነገር ግን መጽሔቱን ወደ እኔ አዙሮ "እጀታው ከቀንድ ይሁን ወይስ ከእንጨት? አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?" ሲለኝ ተነሥቼ ቤት ገባሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተጠይቄ መልሻለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ አንድ መቶ አለቃና ጥቂት ወታደሮች አስቀምጦ ነበር። ምሽጉ የጣሊያን፣ ጫካው የአርበኞች ነው። የእኛ ሰው በሁለቱ መካከል ያርሳል፣ ለሁለቱም ይሰጣል፣ አፉን ይዘጋል። ታላቅ ወንድሜ ከአርበኞቹ ጋር ገብቶ ነበር። አባቴ ለጠየቀው ሁሉ "መርጡለ ማርያም ለቅኔ ትምህርት ሄዷል" ይላል።

በመቶ አለቃውና በእኛ መካከል የሚቆመው ሳህሉ የሚባል አስተርጓሚ ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብል ማክበር ይሆንብኛል፤ ክፋትም እኮ ቁም ነገር ይፈልጋል። ሳህሉ ባዶ ነበር። መቶ አለቃው ባርኔጣውን ወደ ግራ ካዘነበለ እሱም ያዘነብላል። መቶ አለቃው ጉንፋን ከያዘው እሱ መሐረብ ያወጣል። የሽማግሌዎቻችንን ረጅም አቤቱታ በአንድ ቃል ጨርሶ፣ የጣሊያኑን አንድ ቃል ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ይተረጉመዋል። አባቴን የሚያህለውን ሰው ሁሉ "አንተ" ይለው ነበር። ሰውም "እርስዎ" እያለ ይመልስለታል።

መቶ አለቃው በአገሩ በልኩ ያሠራው አንድ ሰንጢ ነበረው፤ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ የሚከፈት፣ እጀታው ቀንድ የሆነ። በእሱ ዳቦ ይቆርጣል፣ ትምባሆ ይከትፋል፣ ከጫማው ላይ ጭቃ ይፍቃል። ሳህሉ ይህን ካየ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ለእሱም እንዲሁ የዕለት ሰንጢ ይሠራለት ዘንድ ግድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አንድ ወር ሙሉ ስለ ሰንጢ ሲያወራ ኖረ። የስለቱን ቅርጽ በወረቀት እየቆረጠ በየቤቱ ይዞ ይዞራል፤ ይሄ ይሻላል፣ ያ ይሻላል ያሰኛል። አገሩ እየተቃጠለ ሽማግሌዎቹ በወረቀት ስለት ላይ ሐሳብ ይሰጣሉ።

በግንቦት መጨረሻ እኛም ቤት መጣ። እናቴ የገብስ ጠላ ቀዳችለት። ጠላውን አጋምሶ ከኪሱ አንድ ቁራጭ ወይራ፣ አንድ ቁራጭ ናስ፣ አንድ ስባሪ ጥቁር ቀንድ አውጥቶ መደቡ ላይ ደረደረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ብትሆኚ ለእጀታው የቱን ትመርጫለሽ?"

ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ዘይት በተቀባ ጠጉር፣ በተወለወለ ጫማ የተቀመጠ ሰው፣ አባቴና እናቴ እያሉ፣ እኔን ጠየቀ። ሞኝነቴ ፊቴ ላይ ሲበራ ይታየኛል። "ከእነዚህ አንዱንም" አልኩ። "የእኛ የወይኖ ቀንድ ነው የሚያምረው። ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው።"

ወይኖ አባቴ የሚያርስበት በሬ ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቀጥ አለች። አባቴ አላየኝም።

ሳህሉ ወጥቶ በረቱን አየ። ሲመለስ ፊቱ እንደ ሙሽራ ሆኖ ነበር።

"ጫፉን ልቁረጥልዎት" አለው አባቴ። "በሬው ይቆየኝ። ዝናቡ ገብቷል፤ ማረሻዬ ነው።"

"ጫፉ ጥቁር ብቻ ነው" አለ ሳህሉ። "እኔ የምፈልገው ነጭና ጥቁሩ የሚገናኙበትን መሃሉን ነው። መሃሉ ደግሞ ከሥሩ ነው የሚመጣው።" ከዚያ ጠላውን ጨረሰና "ለመሆኑ ልጅህ ቅኔው ደረሰለት?" ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ወደ በረቱ እያየ "መቼ ይወስዱታል?" አለ።

የወሰዱት ረቡዕ ነው። በጾም ቀን ስላረዱት ከሥጋው አንድም ሰው አልቀመሰም፤ ወታደሮቹ በጋሪ ጭነው ወጡ። ለአንድ መዳፍ ለማትሞላ እጀታ አንድ የእርሻ በሬ። አባቴ ባለ አንድ በሬ ሆኖ ከጎረቤት ጋር ተቀናጀ፤ አንድ ቀን እኛ፣ አንድ ቀን እነሱ። ጤፋችን ሳይዘራ ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን ማረሻው ደንዞ እንዳስል ወደ ባለእጁ ቤት ተላክሁ። ባለእጁ ከወንዙ ማዶ ለብቻው ነበር የሚኖረው፤ እሱ ይቀጠቅጣል፣ ሚስቱ ወናፍ ትነፋለች። ማረሻችንን፣ ማጭዳችንን፣ ምሳራችንን የሚሠራልን እሱ ነው። እኛ ግን ከእጁ ውኃ አንቀበልም። ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው እንል ነበር። እናቴ "አስለሽ ቶሎ ነይ፤ ደጁ ላይ አትቁሚ" ብላኛለች። እኔ ግን ዝናብ ያዘኝና ከታዛው ሥር ቆምኩ። የከሰሉና የጋለው ብረት ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ሲቀላቀል ደስ ይል ነበር።

በዚህ መካከል ሳህሉ ቀንዱን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ስለቱ መንገድ ላይ ከተሰበረ የጣሊያን መኪና ባሌስትራ ብረት እንዲወጣ፣ ቅርጹ እንደ ወይራ ቅጠል እንዲሆን አዘዘ። ባለእጁ ቀንዱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አሸተተው።

"ጌታዬ፣ ይሄ ገና እርጥብ ነው" አለ። "ጥላ ውስጥ ይሰቀልና ጥቅምት ይምጣ። አሁን ብሠራው ሲደርቅ ይጣመምና ስለቱን ነክሶ ይይዘዋል።"

"ፍልሰታ ሲፈታ እፈልገዋለሁ።"

"እንግዲያስ የከረመ ደረቅ ቀንድ አለኝ። መልኩ ጥቁር ነው እንጂ ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል።"

"ባለእጅ ነህ ወይስ መካሪ?"

"ባለእጅ ነኝ" አለ። "ስለዚህ ነው የምነግርዎት።"

ሳህሉ ሳቀና ቀንዱን እዚያው ጥሎለት ወጣ። ሲወጣ አየኝ፤ እኔም ማረሻዬን ተሸክሜ በዝናቡ ሮጥኩ።

ሰንጢው ለሐምሌ መጨረሻ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ሳህሉ በየሄደበት እየከፈተ እየዘጋ ሲያሳይ፣ ማታ ማታም ምሽጉ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያሻሸው ሰነበተ። ዝናቡ የሚያረጥበው፣ እሳቱ የሚያደርቀው እርጥብ ቀንድ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ባለእጅ መሆን አያስፈልግም።

ፍልሰታ ሲፈታ መቶ አለቃው ሕዝቡን ላባብል ብሎ ከምሽጉ በታች ሁለት ሰንጋ ጣለ። አልሄድም ማለት አይቻልም፤ ሁላችንም ሄድን። የነሐሴ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሥጋው ቀረበ፤ መቶ አለቃው ሰንጢውን ቀጭ አድርጎ ከፈተ። ሳህሉም ሰው ሁሉ እስኪያየው ጠብቆ የራሱን አወጣ።

አልከፈት አለው። በጥፍሩ ሞከረ፤ ጥፍሩ ተሰበረ። በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ሳበው። በመጨረሻ ጀርባውን ሰጥቶን በጥርሱ ያዘው። መቶ አለቃው ጉርሻውን አቁሞ ያያል። በዚህ መካከል አባቴ በጣም በትሕትና፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ "ጌታዬ፣ ማጭድ ላምጣልዎት?" አለ።

አንድ ሰው በጋቢው ውስጥ ያሳለ መስሎ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። መቶ አለቃው ቋንቋውን ሳይሰማ ነገሩን ተረድቶ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጣፋጭ ሆኖ በቀረልኝ ነበር፣ እዚያ ላይ ቢያበቃ።

ሳህሉ ባለእጁን አስጠራ። ሁለት ወታደሮች የቆዳ ሽርጡን እንደለበሰ እየገፉ አመጡት።

"ሆን ብሎ አበላሸብኝ" አለ ሳህሉ፣ በአማርኛም በጣሊያንኛም።

"ቀንዱ እርጥብ ነው ብዬ ነበር" አለ ባለእጁ። "ጥቅምትን ይጠብቁ ብያለሁ።"

"አላልክም።"

ባለእጁ ዙሪያውን አየ። ዓይኑ እኔ ላይ ደረሰ። "ያቺ ልጅ ማረሻ አምጥታ ታዛዬ ሥር ነበረች። ሰምታለች። እሷ ትናገር።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሳህሉም ዞረና ረጋ ብሎ "ምን ሰማሽ?" አለኝ።

ወንድሜን ከሳህሉ አፍ ለማዳን ነው ስል ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይህ ነው፦ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ። የባለእጅ ደጅ ላይ ቆማ ወሬ የምታዳምጥ ልጅ ተብዬ እንዳልቀር ፈራሁ። ስለ ጋብቻዬ ነገር ተጀምሮ ነበር። አንድ ሰው ሊገረፍ ነው፤ እኔ የማስበው ማን እንደሚያገባኝ ነው።

"አልሰማሁም" አልኩ።

እዚያው ጭቃው ላይ አስተኝተው በአለንጋ ገረፉት። አልጮኸም። በሬያችን የታረደ ዕለት መንደሩ ሁሉ ከንፈር መጥጦ ነበር፤ ለእሱ የመጠጠ አልነበረም። ሲያበቃ ሚስቱ ደግፋው ወደ ወንዙ ወረዱ። እኛም ወደ ሥጋው ተመለስን። አዎ፣ በላን። እኔም በላሁ።

ቤት ስንደርስ አባቴ "ሰምተሽ ነበር?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

እሳቱን ሲቆሰቁስ ቆይቶ "እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው" አለ። ሊያጽናናኝ ነው። ናቅሁት። ራሴን ከመናቄ በፊት፣ ስለ ልጁ በሬውን የሰጠውን አባቴን ናቅሁት።

መስከረም ሳይጠባ ባለእጁ ሚስቱን ይዞ ጠፋ። በሚቀጥለው ክረምት ማረሻ ለማሳል ቀን ሙሉ መጓዝ ሲመጣ ሰዉ "ያ ቡዳ ጥሎን ሄደ" እያለ ይረግመው ነበር። ወንድሜ በሕይወት ተመለሰ። ሳህሉማ ጣሊያን ሲወጣ ጢሙን አሳድጎ፣ ሸማውን አጣፍቶ፣ በስውር አርበኞችን ስረዳ ነበር ብሎ ከተማ ውስጥ ወንበር አገኘ። የሚገርም አይደለም፤ መተርጎም ያውቅ ነበር።

ካገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ከባሌ ጋር ዲማ ጊዮርጊስ ለመሳለም ሄድን። ከገዳሙ ወዲህ ያለው ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ማጭድና ቢላዋ ዘርግቶ ተቀምጧል። አወቅሁት። እሱም አወቀኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ለዓመታት ያዘጋጀሁት ቃል ነበር፣ አንዱም አልመጣም። "ሰንጢ አለህ?" አልኩት፣ ያለኝ ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ።

ቀና ብሎ አየኝ። በእኔ ዕድሜ ላለች ሴት በማይገባ አክብሮት "እሜቴ፣ ጆሮዎ ተሻለዎት ወይ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረ።

በሕይወቴ ብዙ ንቀት አይቻለሁ፤ ሰጥቻለሁም። ሳህሉን እስከ ዛሬ እንቃለሁ፤ ሞቶም አልተውኩትም። እሱን መናቅ ግን ቀላል ነው፣ ምንም አያስከፍልም። ያ ሽማግሌ የናቀኝን ያህል የከበደኝ የለም፤ የሚገባኝ ስለሆነ።

የልጅ ልጄ በሦስተኛው ቀን መርጦ ጨረሰ። የአጋዘን ቀንድ ነው አሉ። ሊሄድ ሻንጣውን ሲዘጋ "ሠሪው ማን ይባላል?" አልኩት። የቤቱን ስም ነገረኝ። "እሱን አይደለም፤ በእጁ የሚሠራው ሰው" አልኩት።

"ማን ያውቃል፣ እማዬ" ብሎ ሳቀ።

ልቆጣው ከጀልኩና ተውኩት። እኔም ይህን ሁሉ ስናገር ባለእጁ፣ ባለእጁ እያልኩ ነው የመጣሁት፤ በዚያ መንደር ስንኖርም ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንለው። ስሙ ቢሻው ነበር። ሚስቱ ስትደግፈው ስትጠራው ሰምቻለሁ።